ቅጠሉ ረግፎ መሬቱ ሲገለጥ፦ የዋላ አደን ቅኝት በቨርጂኒያ ተራሮች

በቨርጂኒያ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ብዙ አዳኝ ግን መሬቱን መጀመሪያ የሚረግጠው መክፈቻው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በመክፈቻው ዕለት ጎህ ሳይቀድ ባትሪ ይዞ ወደማያውቀው ጫካ የሚገባም አለ። ያን ጊዜ መሬቱ ብዙ አይናገርም። አዲስ የረገፈ ቅጠል ዱካውን ሸፍኖታል። የሰው ሽታ የደረሰው ዋላም ቦታውን ለውጦ ይጠብቃችኋል። ለአደን የሚሆን መሬት የሚቃኘው አደኑ ካለፈ በኋላ፣ በፌብሩወሪ መጨረሻና በማርች ነው። ዛፉ ዕርቃኑን ነው፣ ዓይን እስከ ማዶው ሸንተረር ድረስ ይሄዳል፣ ባለፈው ኖቬምበር የተጻፈው ሁሉ ገና አልጠፋም። ዋላውን ብታስደነግጡት እንኳ እስከሚቀጥለው መከር ድረስ ለመርሳት ስምንት ወር አለው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር። እዚህ በእንግሊዝኛ “ዲር” የሚባለውን እንስሳ ብዙ አበሻ አጋዘን ይለዋል። የአገራችን አጋዘን ግን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖር ሌላ ዘር ነው። ይኸኛው፣ ጅራቱ ሥር ነጭ የሆነው የአሜሪካ ዋላ፣ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይረግፍለታል፣ በጸደይ በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ አዲስ ቀንድ ያበቅላል፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቆዳው ተልጦ አጥንቱ ይወጣል። ይህን ማወቅ ለቅኝት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምናወራለት የግንድ ላይ ምልክት ሁሉ የሚሠራው ቀንዱ ከተላጠ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱ ራሱ ቀን ተጽፎበታል ማለት ነው።

ምሳሌ የማደርገው የማሳናተንን ተራራ ነው። ከአሌክሳንድሪያና ከዋሽንግተን ዙሪያ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲነዳ፣ ፍሮንት ሮያልን እንዳለፉ በግራ በኩል የሚታየው ረጅም ሸንተረር እሱ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ የሸናንዶዋን ሸለቆ ለሁለት ይከፍላል። አብዛኛው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን አካል ስለሆነ ለአደን ክፍት ነው። ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን አደን ፈጽሞ የተከለከለበት ነው። ፓርክና ደን በስም ስለሚቀራረቡ ይምታታሉ፤ ስህተቱ ደግሞ በመቀጮ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። በደኑ ውስጥ ለማደን ከመደበኛው የአደን ፈቃድና ከዋላ ፈቃድ በላይ የብሔራዊ ደን ፈቃድ የሚባል ተጨማሪ ያስፈልጋል። አዲስ አዳኝ ደግሞ መጀመሪያ የአዳኞችን የደኅንነት ትምህርት ማለፍ አለበት።

በተራራው ደን ውስጥ ያለው ዋላ ከሸለቆው እርሻ ካለው በቁጥር በጣም ያንሳል። ደኑ አርጅቷል፤ ትልልቅ ዛፎች ብርሃኑን ስለያዙት ከሥር የሚበላ ለምለም ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ እዚህ “የትም ብቀመጥ ይመጣል” አይሠራም። ከ10 እጅ መሬት ዘጠኙ ባዶ ነው። የቅኝት ዋናው ሥራ ያንን ባዶ ዘጠኝ እጅ ለይቶ መጣል ነው።

ሥራው የሚጀመረው ቤት ውስጥ፣ በካርታ ነው። በስልክም በኮምፒዩተርም የከፍታ መስመር ያለውን ካርታ ክፈቱ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳማ ነው። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው። አንደኛው በር ነው፤ ጣርማ በር እንደምንለው፣ ሸንተረሩ በሁለት ጉብታዎች መካከል ዝቅ የሚልበት ቦታ። ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚሻገር እንስሳ እንደ ሰው ሁሉ ድካም ይቆጥባል፤ በበሩ ያልፋል። ሁለተኛው እርከን ነው፤ ቁልቁለቱ መሀል ላይ ከ20 እስከ 50 ሜትር ስፋት ያለው ለጥ ያለ ቦታ። ሦስተኛው ከዋናው ሸንተረር ወደ ታች እንደ ክንድ የሚዘረጋ ጀርባ ነው፤ ዋላ ጫፉ አካባቢ መተኛት ይወዳል። አራተኛው ሁለትና ሦስት ሰርጦች በላይኛው ጫፋቸው የሚገናኙበት ቦታ ነው።

በተራራ አካባቢ ባለው መደበኛ የመንግሥት ካርታ አንድ መስመር ከሚቀጥለው ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ያነሰ እርከን ካርታው ላይ የለም። ብዙ ጊዜ ዋላው የሚሄድበት ደግሞ ያ የማይታየው እርከን ነው። በሌዘር ተለክቶ እንደ ጥላ የሚሣለውን የመሬት ገጽ ምስል የሚያሳይ የካርታ መተግበሪያ ካላችሁ፣ የድሮ የእንጨት መጎተቻ መንገዶችና ትናንሽ እርከኖች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ የሳተላይት ምስሉን በክረምት የተነሣውን መርጣችሁ እዩ፤ ቅጠል በሌለበት ምስል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ጥድ ወይም ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቅጠሉ የማይረግፍ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ነው። መደበቂያ እዚያ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመንጥሮ እንደገና የበቀለ ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ ቀይ ምልክት አድርጉበት፤ ምግብም መሸሸጊያም አንድ ላይ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ለአንድ ቀን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መሄድ እንጂ ማየት አይሆንም። ሸንተረሩን በአንዱ ጎን ከላይኛው ሢሶ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሌላው ጎን ተመለሱ። ዱካ ስታገኙ አትሻገሩት፤ ተከተሉት፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እስክታውቁ። በጠጥ ካገኛችሁ ከበግና ከፍየል በጠጥ ብዙም ስለማይለይ ለማወቅ አትቸገሩም። ቁጥቋጦው ተበልቶ ከሆነ ጫፉን ተመልከቱ። ዋላ እንደ ፍየልና እንደ ከብት የላይ ፊት ጥርስ ስለሌለው ይገነጥላል እንጂ አይቆርጥም፤ ጫፉ የተበጫጨቀ ነው። በምላጭ እንደተቆረጠ ሰያፍ ሆኖ ከተገኘ የጥንቸል ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንዱ ቀንዱን የፈተገበት ግንድ ነው። ልጡ ከጉልበት እስከ ወገብ ተልጦ፣ እንጨቱ በማርች እንኳ ቢጫና ነጭ ሆኖ ከሩቅ ያበራል። ቀጭን ዛፍ ማንኛውም ወንድ ይፈትጋል። የሰው ባት ያህል ውፍረት ያለውን የሚደፍረው ግን በአመዛኙ ያረጀው ነው። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፣ ግንዱን በእጃችሁ ዙሩት። የተላጠው ጎን ዋላው ከመጣበት አቅጣጫ ጋር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የተላጠው ጎን ወደ መኝታው የዞረ ከሆነ ከመኝታው ሲወጣ፣ ማለትም አመሻሹ ላይ ያደረገው ነው። ወደ ምግቡ የዞረ ከሆነ ማለዳ ሲመለስ ነው። እንዲህ ያሉ አምስትና ስድስት ግንዶች በአንድ መስመር ሲገኙ የአንድ እንስሳ የየዕለት መንገድ እጃችሁ ገባ። በዚያው ግንድ ላይ ከአዲሱ ቁስል ጎን ግራጫ ሆኖ የዳነ የድሮ ጠባሳ ካለ ደግሞ ያ ቦታ ከሌላው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ዋላው ይሞታል፣ በቦታው ሌላ ይተካል፤ መሬቱ ግን አልተለወጠምና ተተኪውም እዚያው ያልፋል።

መሬት ላይ የተጫረውም ምልክት አለ፤ ቅጠሉ ተጠርጎ አፈሩ የወጣ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ክብ። ከላዩ ሁልጊዜ ዋላው በአፉና በግንባሩ የሚነካካው ቅርንጫፍ ይንጠለጠላል። ጫፉ የታኘከ ካልሆነ ተርኪ የሚባለው የዱር ወፍ የጫረው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጀማሪ በእርሻ ዳር እንዲህ ያለ ትልቅ ጭረት አግኝቶ ሙሉ ሳምንት ይጠብቅበታል፤ አንድም ነገር አያይም። በሜዳ ዳር ያለው ጭረት በአብዛኛው የሚጎበኘው በሌሊት ነው። ዋጋ ያለው ከመኝታው በመቶና ሁለት መቶ ሜትር ውስጥ፣ ጫካው መሀል ያለው ነው።

መኝታውን ማግኘት የቅኝቱ ልብ ነው። ቅጠሉ ላይ የተጋደመ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሞላላ ጉድጓድ ይተዋል፤ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ግራጫ ጠጉሮችም ይገኙበታል። ትልልቅና ትናንሽ መኝታዎች ተጎራብተው ከተገኙ እናትና ልጆቿ ናቸው። ብቻውን የተቀመጠ አንድ ትልቅ መኝታ፣ ዙሪያው ላይ የተፈተጉ ግንዶች ያሉበት፣ የወንዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልምድ ያላቸውም ይሳሳታሉ። በማርች ያገኛችሁት መኝታ የማርች መኝታ ሊሆን ይችላል፤ በብርድ ወራት ዋላ ፀሐይ ወደሚያገኘው ደቡባዊ ተዳፋት ይወርዳል። በኖቬምበር ግን እዚያ ላይኖር ይችላል። ማረጋገጫው የተፈተገው ግንድ ነው። ፍትጊያ በመከር እንጂ በክረምት አይሠራም። ግንድ የሌለበትን መኝታ መዝግቡት፣ ግን አትመኑት።

መኝታውን ስታገኙ ከጎኑ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁ ዋላው ተኝቶ ሳለ ዓይኑ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ይሁን። ምን ይታያል? በየት በኩል ብትመጡ ያያችሁ ነበር? ከዚያ ነፋሱን አስቡ። በማሳናተን ብርድ ይዞ የሚመጣው የኖቬምበር ነፋስ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ ሸንተረሩን ከጎኑ መትቶ በአናቱ ይሻገራል። ስለዚህ ዋላው በደቡብ ምሥራቁ ጎን፣ ከአናቱ በታች ባለው የላይኛው ሢሶ ላይ ይተኛል። ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ነፋሱ በአፍንጫው ያመጣለታል፣ ከፊቱ ያለውን ቁልቁለት በዓይኑ ይጠብቃል፣ የጠዋት ፀሐይም ታገኘዋለች። ፀሐይዋ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ከሥር ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከላይም ከታችም ሽታ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ይህን ያህል የተመረጠ ቦታ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የአገባቡ መንገድ ነው። በሸንተረሩ አናት ተራምዶ መድረስ ቀላል ነው፤ ቅርጽ ያለው የእግር መንገድም አለ። ግን ሽታችሁ ቀጥታ መኝታው ላይ ይወርዳል። ጎህ ሳይቀድ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስ ከታች መምጣት ይሻላል፤ ሽታችሁ ወደ ኋላችሁ ይወርዳል። ሆኖም የምሥራቁ ተዳፋት ቶሎ ፀሐይ ያገኛልና አየሩ ቶሎ ይገለበጣል። ስለዚህ የመጨረሻው መቀመጫ ከመኝታው በታች ሳይሆን በዚያው ከፍታ፣ በጎን በኩል መሆን አለበት። አመሻሹ ላይ ደግሞ ይኸው ተዳፋት ቀድሞ ጥላ ስለሚሆን፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ አየሩ መውረድ ይጀምራል። ከላይ ተቀምጦ ከታች የሚበላውን መጠበቅ ያኔ አያዋጣም። ወራጅ ውኃ ያለበት ሰርጥ አጠገብ ከሆናችሁ ግን የውኃው ቅዝቃዜ አየሩን ይዞት ስለሚሄድ ሽታው በሰርጡ ብቻ ይወርዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሌላው በማይደፍረው ቦታ ይቀመጣል። ሚልክዊድ የሚባለው ተክል በመከር የሚያወጣውን ነጭ ጥጥ በከረጢት ያዙ፤ አንድ አንዷን ልቀቁና እስክትጠፋ በዓይን ተከተሏት። ነፋስ ለመፈተሽ የሚረጨው ዱቄት የሚያሳየው የአንድ ክንድ ርቀት ነው፣ ጥጧ ግን መቶ ሜትር ትጓዛለች።

ስለዚህ በስልኩ ካርታ ላይ ለአንድ ቦታ ሦስት ነገር ይመዘገባል፦ መቀመጫው፣ የመግቢያው መንገድ፣ እና ቦታው የሚሠራበት ነፋስ። ነፋሱ ያልተጻፈለት ምልክት ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይጠቅምም። መግቢያው ላይ የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ በማርች አንሡት፤ በኅዳር ጨለማ ማንሣት አይቻልም። ከብሔራዊ ደን ዛፍ መቁረጥ ግን አይፈቀድም።

የማርች ቅኝት የማይነግራችሁ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ምግቡን። የተራራው ዋላ በመከር የሚኖረው በኦክ ፍሬ ነው፣ ኦክ ደግሞ አንድ ዓመት ጎንበስ እስኪል ያፈራል፣ በሚቀጥለው ምንም። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ባይኖኩላር ይዞ ወደ ዛፍ አናት ማየት ግድ ነው። ቅጠሉ ጥርሱ ክብ ክብ የሆነው ነጭ ኦክ ነው። ፍሬው በዚያው ዓመት ደርሶ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይወድቃል፤ መራራነቱ ትንሽ ስለሆነ ዋላው መጀመሪያ ይጨርሰዋል። የቅጠሉ ጥርስ ሹል፣ ጫፉ ላይ ፀጉር የምትመስል እሾህ ያለችው ቀይ ኦክ ነው፤ ፍሬው ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፣ መራራ ነው፣ ግን እስከ ክረምት ይቆያል። የጠመንጃው አደን ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ነጩ አልቋል፤ ቀዩ ያለበትን ማወቅ ያስፈልጋል። በድንጋያማው አናት ላይ ያለው ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራው ቼስትነት ኦክም አይናቅ። ፍሬ በሌለበት ዓመት ዋላው ሸንተረሩን ትቶ ወደ ቁጥቋጦውና ወደ እርሻው ይወርዳል፤ በማርች ያገኛችሁት መልካም ቦታ ያን ዓመት ባዶ ይሆናል። የቦታው ጥፋት አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ይመልሰዋል።

ካሜራ መስቀል ከፈለጋችሁ በበሩ ላይ ወይም በጫካው ጭረት ላይ፣ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት፤ ዋላም ሌባም ቀና ብሎ አያይም። ፊቱ ወደ ሰሜን ይሁን፣ ፀሐይ እንዳታሳውረው። የሊቲየም ባትሪ አድርጉና ተዉት። በየሳምንቱ ካሜራ የሚፈትሽ ሰው ዋላውን አሳምሮ ያባርረዋል። ምግብ አስቀምጦ ማለማመድ አይታሰብ፤ በቨርጂኒያ ለዋላ ምግብ ማስቀመጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ የተከለከለ ነው፣ የዋላ በሽታ በተገኘባቸው ካውንቲዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ፤ በተቀመጠ ምግብ ላይ ማደንም ሕገ ወጥ ነው።

ሌላውን አዳኝም ቃኙት። የድሮ የዛፍ ላይ መቀመጫ፣ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ባለቀለም ላስቲክ፣ የጥይት ቀለህ፣ ሁሉንም መዝግቡ። አብዛኛው ሰው ከመንገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር አይርቅም፣ ቁልቁለት ሲመጣም ይመለሳል። መክፈቻው ዕለት ሰዎቹ ከመኪና ማቆሚያው ሲገቡ ዋላው በየት በኩል እንደሚሸሽ ከገመታችሁ፣ የእነሱ እንቅስቃሴ ለእናንተ ይሠራል። እዚህ ላይ በሩ ይመጣል። የመክፈቻው ሳምንት ከስሪያው ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ ወንዱ በሁለት የሴቶች መኝታ መካከል ሲመላለስ በቀኑ እኩለ ላይ እንኳ በበሩ ያልፋል። የዚያን ሳምንት የት ልቀመጥ ለሚል ሰው፣ ከወንዱ መኝታ ይልቅ ሴቶቹ ከሚተኙባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን በር እመክራለሁ።

ስለ ልብስና ጤና አጭር ልበል። መዥገር በክረምትም ቀኑ ትንሽ ሞቅ ሲል ይወጣል፣ ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታም ያስተላልፋል። ልብስና ጫማ ላይ ፐርሜትሪን ነፍታችሁ አድርቁት፤ ቤት ስትገቡ ብብትና ጉልበት ጀርባን ፈትሹ። ከኤፕሪል ጀምሮ በድንጋያማው ተዳፋት እባብ አለ፤ እጃችሁን የማታዩት ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡ። ማርች ላይም ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ፤ ዋላ ባይታደን ሌላ የሚታደን አለ።

የመጨረሻው የሚቃኘው የመውጫው መንገድ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚረሳው እሱ ነው። አንድ የደረሰ ወንድ ሆድ ዕቃው ወጥቶ እንኳ ሃምሳና ስልሳ ኪሎ ይመዝናል። በድንጋይ ላይ ሽቅብ መጎተት ለአንድ ሰው የማይሞከር ነው። መቀመጫ ስትመርጡ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ ያለበትን ምረጡ፤ ከሌለ ሥጋውን እዚያው ቆራርጦ በሸራ ከረጢት መሸከሚያ ይኑር። ሸናንዶዋ፣ ዋረን፣ ፍሬድሪክና ክላርክ ካውንቲዎች የዋላን አንጎል የሚያጠቃው በሽታ ስለተገኘባቸው ሬሳውን ሙሉውን ከአካባቢው ማውጣት ገደብ አለበት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ወደ ሜሪላንድ ሲሻገር ደግሞ የዚያኛውም ክፍለ ግዛት ደንብ አለ። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ ይፈቀዳል፣ ጭንቅላትና አከርካሪ ግን ያጣላል። የዓመቱን ደንብ ከመነሣታችሁ በፊት ከየክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አንብቡ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ በመክፈቻው ዕለት ከተገኘ ሥጋ በጾሙ መግቢያና በአደኑ መካከል ያለው አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ የቀረው በደንብ ተጠቅልሎ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል።